አልተረጉምም ያሉት አስተርጓሚ

ጋሽ ዘርጋ ማረፋቸውን የሰማሁት የዘጠነኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ሳለ ነው። የደወለችልኝ ወልቂጤ የምትኖረው ልጃቸው ናት። «አባዬ ዛሬ ጠዋት ዐረፈ። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው» አለችኝ። ድምጿ የደከመ እንጂ የሚያለቅስ አልነበረም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወረቀቶቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ትዝ ያለኝ መልካቸው ሳይሆን ድምፃቸው ነው።

ጋሽ ዘርጋ ቡታጅራ ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠሩት። ዕድሜ ልካቸውን ከሞተር ጩኸት በላይ ሲናገሩ ስለኖሩ ዝግ ብለው ማውራት አይሆንላቸውም። መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ደህና አደርሽ ወይ መምህርት?» ሲሉኝ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ዞር ብሎ ያያል። በርበሬ በሚፈጭበት ወራት ዓይናቸው ቀልቶ ይከርማል፤ ሳሉም አይለቃቸውም። ቤተ ክርስቲያናችን አስተርጓሚ ያደረገቻቸው መጀመሪያ በዚህ ድምፅ ምክንያት ነው አሉ፤ ማጉያ ባልነበረበት ጊዜ ከድንኳኑ ውጪ የተቀመጠው ሁሉ ይሰማቸው ነበር።

ሰባኪዎቻችን በአማርኛ ነው የሚሰብኩት። ከመስቃን ገጠር በእግርና በጋሪ የሚመጡት እናቶች ግን ገበያ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ ያለፈ አማርኛ የላቸውም። ስለዚህ ጋሽ ዘርጋ ከሰባኪው አጠገብ ቆመው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በጉራጊኛ ይመልሱታል። ለእነዚያ እናቶች የእግዚአብሔር ቃል ማለት የጋሽ ዘርጋ ድምፅ ነበር። እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር፤ ያስፈራቸውም ነበር።

ማንበብ የተማሩት ጎልማሳ ሆነው በመሠረተ ትምህርት ነው። ሲያነቡ ጣታቸውን ከቃሉ ሥር እየጎተቱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነው። «እኔ ዘግይቼ ስለተማርኩ ትዝታዬን አላምነውም፤ ያየሁትን ነው የማምነው» ይሉ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራቸውን ጨርሰው፣ ዱቄቱን ከሸሚዛቸው ላይ አራግፈው ወደ ሰባኪው ቤት ይሄዳሉ፤ የነገውን ክፍል ጠይቀው ይጽፋሉ። አንድ ሰው በጨዋታ መሐል እንኳ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ካለ፣ ጋሽ ዘርጋ ቀና ብለው «የት ላይ?» ይላሉ። ለማሸማቀቅ አይደለም፤ ሄደው ሊያዩት ስለሚፈልጉ ነው። ግማሹ ሰው መልስ ስለሌለው ይናደዳል። የመዘምራን ልጆች «ጋሽ የትላይ» ብለው ስም አወጡላቸው። ሰምተው ሳቁ፤ መጠየቁን ግን አልተዉም።

«ጸጋ» የሚለውን ቃል ለመተርጎም ሦስት ሳምንት እንደፈጀባቸው ነግረውኛል። አሮጊቶችን እየዞሩ ጠየቁ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ያወሩት ነገር ረዳቸው፤ ለመስቀል ማረድ ላልቻለ ቤት ጎረቤት ሳይለመን የሚልከው ሥጋ አለ፣ ተቀባዩም የማይመልሰው። «እሱ ነው ጸጋ። ከዚያ በኋላ ስተረጉመው እናቶቹ ሲያለቅሱ አየሁ» አሉኝ።

እኔ አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ቡታጅራ ተወልጄ ጉራጊኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ለመድኩት። ጋሽ ዘርጋ ሳሉ ሲጠናባቸው አንዳንድ ጊዜ እኔ እተካቸዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ስብሰባ ጸሐፊም ስለነበርኩ፣ ከዚህ በታች የምናገረውን ከሌላ ሰው አልሰማሁትም፤ ሁሉም ቦታ ነበርኩ።

ይህ በሆነበት ዓመት ወጣቶቻችን እየሄዱብን ነበር። ከአስፋልቱ ማዶ አዲስ አዳራሽ ተከፍቶ ትንቢት ይነገራል፣ ሰው ይወድቃል፣ ሙዚቃው እስከ መናኸሪያው ይሰማል። የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ አቶ ታምሩ፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። ባዶ ወንበር ማየት ግን አልቻሉም። ከአዲስ አበባ አንድ ስመ ጥር ነቢይ ለሦስት ቀን ጉባኤ ይጠራ አሉ። ጋሽ ዘርጋ ሽማግሌ ባይሆኑም ስለ ትርጉሙ ተጠርተው ተገኝተው ነበር።

«ሰውየው ምንድን ነው የሚያስተምረው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ወጣቱ ይወደዋል» አሉ አቶ ታምሩ።

«ወጣቱ መውደዱን አልጠየቅኩም ታምሩ።»

«ዘርጋ፣ እኛ የምንፈልገው ሰው እንዲመለስ ነው። ከተመለሰ በኋላ ቃሉን እናስተምረዋለን።»

ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ጋሽ ዘርጋ ተነሡና «እሺ፣ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው» ብለው ወጡ።

ጉባኤው ሐሙስ ተጀመረ። በግቢያችን ውስጥ የተተከለው ድንኳን ሞልቶ ሰው አጥሩ ላይ ወጣ። ነቢዩ ወጣት ነው፤ ልብሱ ያማረ፣ አነጋገሩ ፈጣን። ሐሙስና አርብ ሰዎችን ከመሐል እየጠራ የቤታቸውን ጉድ ይነግራቸዋል፤ ጋሽ ዘርጋ ላባቸውን እየጠረጉ ቃል በቃል ይተረጉማሉ። አርብ ሲጨርሱ ውኃ ይዤላቸው ስሄድ አልተቀበሉኝም። «ደከመዎት ጋሼ?» አልኳቸው። «አልደከመኝም» አሉና ትተውኝ ሄዱ። ድምፃቸው የዚያን ቀን ዝቅ ያለ ነበር።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ በድንኳኑ ላይ ሲበረታ፣ ነቢዩ ስብከቱን አቁሞ ቅርጫት አስመጣ። መድረኩ ፊት አስቀመጠው።

«መድኃኒት የያዛችሁ» አለ፣ «ክኒን የያዛችሁ ሁሉ፣ አምጥታችሁ እዚህ ጣሉት። መጽሐፉ እንደሚል በእምነት የዳነ ሰው መድኃኒት አይውጥም። የሚውጥ እግዚአብሔርን ውሸታም እያለ ነው።»

ከዚያ ለትርጉሙ ቆም አለ።

ጋሽ ዘርጋ ዝም አሉ።

እኔ ከመዘምራኑ ጎን ተቀምጬ ነበር። የሚያዩት ወዴት እንደሆነ ተከትዬ አየሁ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ እትዬ አስካለ ተቀምጣለች፤ ከመስቃን የምትመጣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አጠገቧ ልጇ ወይንሸት አለች። ልጅቷ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ከጤና ጣቢያ የምትወስደውን ክኒን ከጀመረች ወዲህ ወድቃ አታውቅም። ክኒኑን እናቷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እንደምትይዘው ሁላችንም እናውቃለን።

ነቢዩ ያልተሰማ መስሎት ደገመው። ጋሽ ዘርጋ አሁንም ዝም።

«ተርጉም አባቴ» አለ ነቢዩ።

«ይህን አልተረጉምም።»

በማጉያው ነው የተናገሩት፤ ሁሉም ሰማ። ነቢዩ ፈገግ አለና ወደ ሕዝቡ ዞረ። «አያችሁ? ጠላት ምላሱን ያዘው።»

«ምላሴ ደህና ነው» አሉ ጋሽ ዘርጋ። «ጌታዬ፣ መጽሐፉ ይላል ብለዋል። የት ላይ እንደሆነ ይንገሩኝ። አይቼ እተረጉመዋለሁ።» መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው አንድ እጃቸው ላይ ዘርግተው ያዙለት። ነቢዩ መጽሐፉን አላየውም። ማጉያውን ዝቅ አድርጎ ለአቶ ታምሩ በዓይኑ ምልክት ሰጠ።

አቶ ታምሩ ተነሥተው ማጉያውን ከጋሽ ዘርጋ እጅ ወሰዱ። ከዚያ ዙሪያውን አዩና ዓይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ። «መምህርት፣ ነይ።»

ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ሁለት ሺህ ዓይን ሲያይሽ መነሣት ከመቀመጥ ይቀላል። ጋሽ ዘርጋ ከመድረኩ ሲወርዱ ተላለፍን። እኔም ማጉያውን ይዤ፣ ነቢዩ ያለውን በጥሩ ጉራጊኛ፣ አንድ ቃል ሳልስት ተናገርኩት። እትዬ አስካለ ነጠላዋን ስትፈታ አየኋት። ክኒኑን ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችና እያለቀሰች ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሰው እልል አለ።

ሰኞ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ጋሽ ዘርጋ ይቅርታ እንዲጠይቁ ተነገራቸው። «የት ላይ እንደሆነ ካሳያችሁኝ በሕዝብ ፊት ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ። ማንም መጽሐፍ አልገለጠም። አንዱ ሽማግሌ «ጉዳዩ የጥቅስ ሳይሆን የሥርዓት ነው» አለ። ላልተወሰነ ጊዜ ከአገልግሎት ታገዱ። ውሳኔውን በቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ዘርጋ ጽፌ እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝና ሄዱ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እንግዳ አለሽ አለኝ። በር ላይ ጋሽ ዘርጋ ቆመዋል።

«አስካለ ቤት ትናንት ሄጄ ነበር» አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «ሌላ ክኒን ከጤና ጣቢያ ውሰጂ አልኳት። እንቢ አለችኝ። እኔ ከመድረክ የወረድኩ ሰው ነኝ፤ የምታምነው አንቺን ነው። ከአንቺ አፍ ነው የሰማችው፣ ከአንቺ አፍ ትስማው። ተነሺ።»

«ክፍል አለኝ ጋሼ።»

«አስፈቅጂ።»

አስፈቀድኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በእግር ሄድን። በመንገድ ላይ ይወቅሱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገሩት፣ «ፈጠን በይ» ብለው። ሳል እያፈናቸው ከፊቴ ይሄዱ ነበር።

ስንደርስ ወይንሸት መደብ ላይ ተኝታለች። ግራ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። በዚያው ጠዋት ወድቃ እጇ ምድጃው ውስጥ ገብቷል። እትዬ አስካለ ራስጌዋ ተቀምጣ ትጸልያለች። አልደነገጠችም፤ ያ ነው ያስደነገጠኝ። «በሽታው ሲወጣ እንዲህ እያንፈራገጠ ነው የሚወጣው ብለዋል ነቢዩ» አለችን በጉራጊኛ። «ሦስት ቀን ታገሡ ብለዋል። ዛሬ ሦስተኛው ነው።»

ጋሽ ዘርጋ ወደ እኔ አዩ።

«እትዬ አስካለ» አልኳት፣ «ቅዳሜ የነገርኩሽ ነገር እውነት አይደለም። ክኒኑን አታቋርጪባት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ቅዳሜ የተናገረው አፍ ነው ዛሬ የሚናገረው? የቱን ልመን?»

ጋሽ ዘርጋ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ሰጡኝ። «እሷ አፍሽን አትመን። አንብቢላት» አሉኝ፤ የሚነበበውንም በጣታቸው አሳዩኝ። ጳውሎስ በመጨረሻ መልእክቱ መዝጊያ ላይ፣ አብሮት ያገለግል የነበረ ጓደኛውን ታሞ በአንድ ከተማ ትቶት እንደመጣ የጻፈበት ቦታ ነው። አንድ መስመር እንኳ አይሞላም። ብዙ ጊዜ ያለፍኩት መስመር ነው። አንብቤ በጉራጊኛ ነገርኳት።

«ጳውሎስ እምነት አልነበረውም?» አለችኝ።

«ነበረው።»

«ጓደኛውስ?»

«እሱም ነበረው።»

«ታዲያ ጳውሎስ ትቶት ሲሄድ፣ ስለታመምክ እግዚአብሔርን ውሸታም አልክ አለው?»

«አላለውም።»

እትዬ አስካለ የልጇን ግንባር ዳሰሰች። ከዚያ ተነሣች። «ጋሪ ጥሩልኝ» አለች።

ወደ ጤና ጣቢያው ስንሄድ ወይንሸት ጋሪው ላይ እንደገና አንፈራገጣት። ጋሽ ዘርጋ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በጎኗ አስተኝተው ያዟት። ጋሪ ነጂው ፈረሱን ሲገርፍ እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ እግሯን ይዤ ነበር። ደርሰን መርፌ ተወጋች፣ ክኒኑም ተመለሰላት። ዳነች። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ግን ታጥፈው ቀሩ። እስከ ዛሬ ሳገኛት በቀኝ እጇ ስትጨብጠኝ ያኛውን ነጠላዋ ውስጥ ታደርገዋለች።

ይህን በሕዝብ ፊት ልናገር ብዬ ሽማግሌዎቹን ጠየቅኩ። አቶ ታምሩ «ቤት አታፍርሺ» አሉኝ። ጸሐፊነቱን ለቀቅኩ፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ልለቅ ፈልጌ ጋሽ ዘርጋን አማከርኳቸው።

«የት ልትሄጂ?» አሉኝ።

«ውሸት ወደሌለበት።»

«ስታገኚው ንገሪኝ፣ እኔም እመጣለሁ» አሉና ወደ ወፍጯቸው ዞሩ።

እሳቸው አልሄዱም። እሑድ እሑድ ከኋላ፣ ከመስቃን እናቶች መሐል ይቀመጡ ነበር። መድረክ ላይ የተተካው ልጅ ትርጉሙን ሲያበላሸው እሳቸው ለእናቶቹ ያንሾካሹኩላቸዋል። የእሳቸው ሹክሹክታ ደግሞ የሌላው ሰው ንግግር ነው፤ እስከ ሰባኪው ድረስ ይሰማል። ሰባኪዎቹ ቀስ በቀስ ጥቅስ ሲጠሩ ምዕራፉን አስቀድመው ማየት ጀመሩ። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ሆነ። አንድ እሑድ አቶ ታምሩ ከመድረክ ወርደው ማጉያውን አምጥተው ጋሽ ዘርጋ ጭን ላይ አስቀመጡላቸው። ይቅርታ አልነበረም፤ ጋሽ ዘርጋም አልጠበቁም። ተነሥተው ሄደው ተረጎሙ። ነቢዩ ዳግመኛ አልተጠራም። ሌላ ከተማ ሌላ ድንኳን ሞልቷል ሲሉ እሰማለሁ።

በኋላ ሳንባቸው እየደከመ ሲሄድ ልጃቸው ወልቂጤ ወሰደቻቸው። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጉብሬ መንገድ ላይ ያለ ቤት ነው። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ድምፃቸው ጠፍቶ ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። ልጃቸው ወጣ ስትል፣ ለዓመታት የያዝኩትን ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እንደ እርስዎ ደፋር ብሆን ኖሮ የወይንሸት እጅ...»

እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ደፋር አልነበርኩም» አሉ። «ሐሙስና አርብ ምን ስሠራ ነበር? ያለውን ሁሉ ተረጉሜአለሁ። ውሸት መሆኑን ሆዴ እያወቀ። ታምሩ ጓደኛዬ ነው፣ ሕዝቡ ሞልቷል፣ አስተርጓሚ ምን አገባው ብዬ። ቅዳሜ ዝም ያልኩት አስካለን ፊት ለፊት ስላየኋት ነው። ባላያት ኖሮ እተረጉመው ነበር።»

ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው።

«ተዋበችን ታውቂያታለሽ» አሉኝ።

አውቃቸዋለሁ። እማማ ተዋበች ከመስቃን ናቸው፤ በዚያ ጉባኤ ሐሙስ ቀን ከሰው መሐል ተጠርተው ተነሥተዋል። ነቢዩ «ልጅሽ እንዳይወልድ ያሰረችው ቤትሽ የገባችው ሴት ናት» አላቸው። በወሩ ምራታቸው ልብሷን በፌስታል ይዛ ወደ አገና ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች።

«ተዋበች አማርኛ አታውቅም» አሉ ጋሽ ዘርጋ። «እሷ የሰማችው ነቢዩን አይደለም። እኔን ነው የሰማችው። በየዓመቱ እሄድባታለሁ። በር ላይ ቆሜ ውሸት ነበር እላታለሁ፤ አታስገባኝም። አሁን እግር የለኝም። ከእኔ በኋላ አንቺ ሂጂ።»

«እኔንስ ብታባርረኝ?»

«በዓመቱ ሂጂ።»

ከቀብሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሄድኩ። እማማ ተዋበች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በርበሬ ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩኝና ከሰላምታ በፊት «ዘርጋ ነው የላከሽ?» አሉ።

«አዎ እማማ። ዐርፈዋል። ማክሰኞ ቀበርናቸው።»

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ሊነግሩዎት ይመጡ የነበረውን ልነግርዎት ነው» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አውቀዋለሁ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር የሚለው። ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ በመጽሐፉ የለም፣ ልጅቷ ንጹሕ ናት። ሂድ እለዋለሁ። ይሄዳል።»

«ለምን አላመኗቸውም?»

«ማን አላመንኩትም አለሽ?» አሉኝ። «በመጀመሪያው ዓመት ነው ያመንኩት። እሱን ካስገባሁት ግን ልጅቷን በሐሰት ያባረርኳት እኔ ልሆን ነው። ይህን ይዤ በዚህ ቤት እንዴት ልኑር?»

ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ። ልሂድ ብዬ ስነሣ ነው የጠሩኝ።

«ሌላ አግብታለች ይላሉ። ሁለት ልጅ ወልዳለች ይላሉ» አሉ። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡት። «አገና የሚሄደው መኪና ከየት ነው የሚነሣው?»